ለሙዚቃ ሁለት ስፒከር ወይስ አምስት?

የኮምቦልቻው ወንድማችን እንዲህ ብሎ ጠይቋል፦ «ቤቴ ባለ 5.1 ሆም ቲያትር አለኝ። ጓደኛዬ ለሙዚቃ አይሆንም፣ ሽጠህ ሁለት ደህና ስፒከር ግዛ ይለኛል። ምን ትላላችሁ?»

እኔ ደሴ ነኝ። ሁለቱንም ዓይነት ቤቴ ውስጥ ለዓመታት ሰምቼባቸዋለሁ። ለሙዚቃ ከሆነ ጓደኛህ ልክ ነው። ለመሸጥ ግን አትቸኩል።

ነገሩ የሚጀምረው ከቀረጻው ነው። በካሴትም በሲዲም የሰማነው፣ ዛሬም በስልክ የምንሰማው ሙዚቃ አብዛኛው የተዘጋጀው ለግራና ለቀኝ ነው። ዘፋኙ መሀል ላይ የሚሰማህ ድምፁ ከሁለቱ ስፒከሮች እኩል ስለሚወጣ ነው፤ ጆሮህ ራሱ መሀል ያስቀምጠዋል። 5.1 ማለት ደግሞ አምስት ስፒከርና አንድ ባስ፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ሳጥን ነው፤ ከፊልም ጋር የመጣ ነገር ነው። ባለሁለት ቻናል ዘፈን ስትሰጠው ለኋላዎቹ የሚሆን የተለየ ድምፅ የለም። ስለዚህ ወይ ያንኑ ይደግምላቸዋል፣ ወይ ከግራና ቀኙ ልዩነት ፈልቅቆ ይልክላቸዋል። በፍላሽ የሚዞር፣ ፋይሉ እንዲያንስ በጣም የተጨመቀ ዘፈን ላይ ይህ ይብሳል። በጭመቃው የተበላሸው ድምፅ ከኋላ ሽሽ እያለ ይወጣል።

ልዩነቱን በደንብ ያሳየኝ ክራር ነው። በባቲ ወይም በአምባሰል ቅኝት አንድ ክራር ብቻውን ሲመታ ስማ። ሁሉም ስፒከር ሲከፈት ያው ድምፅ ከፊትም ከኋላም በትንሹ ተቀዳድሞ ይደርስና የክሩ አመታት ይደበዝዛል። በሁለቱ ስትሰማው ግን ጣቱ ክሩን ሲለቅ ይታወቅሃል። በገና ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የሆም ቲያትር ትንንሽ ስፒከሮች ወፍራሙን ድምፅ አይችሉትም። የእንዝራው (ክሩ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) ንዝረት ከፊት ይመጣል፣ የበገናው ግርማ ጥግ ካለው ባስ ይወጣል፤ አንዱ መሣሪያ ለሁለት ይከፈላል። በሁዳዴ ማታ ማታ በገና ለሚሰማ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መንዙማ ላይ ግን ለአምስቱም ፍርድ እሰጣለሁ። ተቀባዮቹ ከኋላም ሲመጡ ሐድራው፣ መንዙማ የሚባልበት ስብስብ መሀል የተቀመጥክ ይመስልሃል፤ እናቴ የምትመርጠው እንዲህ ነው። እኔ ግጥሙን መከተል ስለምፈልግ ወደ ሁለቱ እመለሳለሁ። ሁሉም ሲከፈት የመሪው ቃል ይርቃል።

አሁን ያለህን ሳትሸጥ ይህን ሞክር። ሪሞቱ ላይ ስቴሪዮ የሚለውን ምረጥ። የፊት ሁለቱን ከቡፌው ውስጥ አውጣቸው። ቡፌ ውስጥ የተሸጎጠ ስፒከር እንጨቱን እያንቀጠቀጠ ነው የሚዘፍነው። በመካከላቸው ሁለት ሜትር ያህል ተው፣ አንተም ከእያንዳንዳቸው በዚያው ርቀት ተቀመጥ። ከግድግዳ ትንሽ ይራቁ፣ ሳጥኑ ላይ ያለችው፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር በጆሮህ ከፍታ ትሁን። ሽቦውንም እይ፤ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። የአንዱ ከተገለበጠ ባሱ ይጠፋል፣ ዘፋኙም መሀል መቆሙን ይተዋል። ብዙ ቤት ይህን አይቻለሁ።

ቤቱም ራሱ ይናገራል። የደሴ የጭቃ ቤት፣ ምንጣፍና መጋረጃ ካለው፣ ለሙዚቃ በጣም ይመቻል። ሴራሚክ ወለልና ባዶ የብሎኬት ግድግዳ ያለው ሳሎን ግን ያስተጋባል፤ እዚያ ስፒከር በጨመርክ ቁጥር ጫጫታው ይጨምራል። መጀመሪያ ወፍራም መጋረጃ ስቀል።

ይህን ሁሉ አድርገህ ድምፁ አሁንም ከቀጠነብህ ያኔ ሁለት ስፒከርና ደህና አምፕሊፋየር ፈልግ። ያው ገንዘብ ለስድስት ሳጥን ሲከፋፈልና ለሁለት ሲውል ጥራቱ አንድ አይሆንም። ሆም ቲያትሩን ግን ለፊልም ያዘው። በ5.1 የተዘጋጀ የኮንሰርት ዲቪዲ ስታገኝም ሁሉንም ክፈት፤ እዚያ የአዳራሹ ጭብጨባ ከኋላ የሚመጣው ባለሙያው አስቦበት ነው።

ያገለገለ ስፒከር የምትገዛ ከሆነ የፊት ጨርቁን አስወልቀህ እየተንቀጠቀጠ ድምፅ በሚያወጣው ወረቀት ዙሪያ ያለውን ስፖንጅ በጣትህ ነካ አድርግ። ከፈረፈረ ዋጋውን ከማሳደሻው ጋር ደምረህ ተደራደር። የምታውቀውን ዘፈን ይዘህ ሂድና መጀመሪያ ድምፁን ዝቅ አድርገህ ስማው፤ ሻጩ ጮክ አድርጎ እንዲጀምርልህ አትፍቀድ።