ከጎንደር ተነስቶ ለዕረፍት ውጭ ሀገር መሄድ፦ ሀገር ከመምረጥሽ በፊት የአዲስ አበባውን ምልልስ ቁጠሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ይህ ነበር፦ «አዘዞ ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴና የ7 ዓመት ልጃችን። ሦስታችንም ከሀገር ወጥተን አናውቅም። ለ10 ቀን ዕረፍት ዱባይ፣ ታይላንድ ወይስ ጣሊያን?» ፓስፖርቱ በእጃችሁ እንዳለ ቆጥሬ ልመልስልሽ።

አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ሀገር ሲመርጥ የሚያስበው ቲኬትና ሆቴል ነው። እኛ ግን ከዚያ በፊት የምንጠይቀው አለ፦ ይህ ሀገር ገና ሳንሄድበት ስንት ጊዜ አዲስ አበባ ያመላልሰናል? ኤምባሲው እዚያ ነው፣ አሻራው እዚያ ነው፣ የሰነድ ማረጋገጫው እዚያ ነው። መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በዚህ ጊዜ ልጅ ይዞ በመኪና የሚደፈርም አይደለም። ስለዚህ ምልልሱን ሁሉ በአውሮፕላን ሒሳብ አስቢው። ለሦስት ሰው ሁለት ዙር ስትደምሪበት ርካሽ የመሰለሽ ሀገር ውድ ሆኖ ታገኚዋለሽ።

1. ጣሊያንን ለዘንድሮ ተዪው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ ገደብ ጥሏል። በሌላው ሰው ላይ 15 ቀን የሚፈጀው መልስ ለእኛ እስከ 45 ቀን ሆነ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ቀረ፤ ቀደም ሲል ይታለፉ የነበሩ ሰነዶችም ሳይጓደሉ ይጠየቃሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፓስፖርትሽ እነሱ ጋ ስለሚቀመጥ «እስከዚያው ሌላ ሀገር እንሞክር» ማለት አትችይም። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ ነው። ለእናንተ 225 ዩሮ ማለት ነው፤ የማመልከቻ ማዕከሉ የአገልግሎት ዋጋ ሳይጨመርበት። ቢከለክሉሽ አይመለስም። አንቺና ባለቤትሽ ለአሻራ በአካል ትቀርባላችሁ፤ ልጁ ከ12 ዓመት በታች ስለሆነ አሻራ አይሰጥም። ከዚያ በላይ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድን፣ የወራት የባንክ ስቴትመንት፣ የመመለሻ ቀን የተጻፈበት የዕረፍት ፈቃድ ደብዳቤ፣ የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ተተርጉሞና ተረጋግጦ ይፈለጋል። ስቴትመንቱ ላይ ማመልከቻው ሊገባ ሳምንት ሲቀረው በድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ካለ ከየት መጣ ይባላል፤ የዕቁብ ወይም የመኪና ሽያጭ ብር ቢሆን እንኳ ማስረጃው አብሮ ካልተያያዘ የብድር ብር ነው ብለው ይገምታሉ። ደግሞም ለፍቶ ደርሶ የሚያየው ግንብና ቤተ ክርስቲያን ከሆነ፣ በፋሲል ግቢ ጥላ ሥር ላደገ ሰው የመጀመሪያ ጉዞው ለዚያ መሆን የለበትም።

ለወደፊት ግን ሐሳቡ ካለሽ አንድ ነገር ከአሁኑ አስተካክዪ፤ የስማችሁን የእንግሊዝኛ አጻጻፍ። ፓስፖርቱ ላይ «ጸ» በ«ቲኤስ» ተጽፎ፣ ባንኩ ላይ በአንድ «ኤስ»፣ የልጁ የልደት ወረቀት ላይ በሌላ ከሆነ፣ ሦስታችሁ ዝምድና የሌላችሁ ሰዎች ትመስላላችሁ። በዚህ ምክንያት ፋይሉ ሲመለስ መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ምክንያቱን አያብራራም፤ ወረቀቱን ገፍቶ «ቀጣይ» ብሎ ይጠራል። ከጎንደር የመጣ ሰው ነገ ተመልሶ መምጣት እንደማይችል የሚያስብልሽ የለም። ስለዚህ ባንኩንና የልደት ወረቀቱን ፓስፖርቱ ላይ ካለው ፊደል ጋር አስማሚ። ቲኬት ሲቆረጥም ስሙን ከፓስፖርቱ ግርጌ ካሉት ሁለት ረጃጅም መስመሮች ላይ ቅጂ፤ በላይኛው መስመር ከሁለቱ ተከታታይ የቀስት ምልክቶች በፊት ያለው የቤተሰብ ስም ተብሎ የሚሞላው ነው፣ ቀጥሎ ያለው የራስ ስም ነው። ወኪሉ በቃል ሰምቶ እንዲሞላልሽ አትፍቀጂ።

2. ታይላንድ ከጣሊያን በብዙ ትቀላለች፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ሲደርሱ ቪዛ ከሚሰጣቸው ውስጥ ነው። ለ15 ቀን ነው፣ ለእያንዳንዱ ሰው 2,000 ባት በጥሬ ገንዘብ። 4 በ6 ሴንቲ ሜትር ፎቶ፣ በ15ቱ ቀን ውስጥ የሚያስወጣ ቲኬት፣ የሆቴል ማረጋገጫ፣ ለነጠላ ሰው 10,000 ባት ለቤተሰብ 20,000 ባት የሚሆን ገንዘብ ያዢ። ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ የመግቢያ ቅጹ በኢንተርኔት ይሞላል፣ ለልጁም ጭምር። ታይላንድ ደንቧን ቶሎ ቶሎ ስለምታሻሽል ቲኬት በምትቆርጪበት ሳምንት የኤምባሲያቸውን ገጽ እዪ። የእኔ ሥጋት ሌላ ነው፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበር የ7 ዓመት ልጅ ከአዘዞ ቦሌ፣ ከቦሌ ባንኮክ፣ ከባንኮክ ደሴቶቹ እያለ ሲሄድ 10 ቀን ያንሰዋል። በዚያ ላይ የእኛ የትምህርት ቤት ዕረፍት ክረምት ነው፤ ያኔ ፑኬት በሚባለው ደሴት በኩል ያለው ባሕር በዝናብና በማዕበል ይናወጣል።

ዱባይ አሻራ ፍለጋ አዲስ አበባ አያመላልስም፤ ቪዛው በአየር መንገድ፣ በሆቴል ወይም በወኪል በኩል ይወጣል። ነገር ግን ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሰጥበት ሁኔታ በየጊዜው ይቀያየራል፣ ለቪዛው የከፈልሽውም ቢከለከል አይመለስልሽም። ከሰኔ እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ የጎንደር ልጅ ቀኑን ሙሉ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ነው የሚውለው። «ቪዛው በእርግጠኝነት ይወጣል፣ ሙሉውን አሁን ክፈሉ» የሚል ደላላ ካጋጠመሽ ስልኩን ዝጊው። እንኳን ደላላ ቆንስሉ ራሱ ማመልከቻ ሳያይ «በእርግጠኝነት» አይልም። የሰው የዓመት ቁጠባ በዚህ ቃል ሲበላ ማየት ያንገበግባል።

3. እንግዲህ የእኔ ምርጫ፦ ኬንያ፣ በተለይ የባሕር ዳርቻዎቿ ሞምባሳና ዲያኒ። ተራራማ ሀገር አትምረጪ፤ ስሜን ደጃችን ነው፣ ጭላዳው በነፃ የሚታይ ያህል ነው። የሌለን ባሕር ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ኬንያ ቪዛ አትጠይቅም። የኤምባሲ ምልልስ ዜሮ። ከአዲስ አበባ ሞምባሳ ቀጥታ በረራ አለ፤ ናይሮቢ ደግሞ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው።

ሲሸልስም ማንንም ቪዛ አትጠይቅም፤ በኢንተርኔት የሚሞላ የመግቢያ ፈቃድ፣ የተረጋገጠ ፈቃድ ያለው ማረፊያና የመመለሻ ቲኬት ብቻ ነው። ወባም የለባትም። ግን ምግቡና መኝታው ውድ ነው። ሩዋንዳም ለአፍሪካውያን በነፃ ታስገባለች፤ ጎሪላ እናያለን ካላችሁ ግን ፈቃዱ ለእያንዳንዱ ሰው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፣ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅም አያስገቡም። ልጅሽን ማን ጋ ትተዪዋለሽ?

አሁን ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡን የሚያጣበት ቦታ ላይ ደረስን፤ የቢጫ ወባ ክትባት። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ካለባቸው ሀገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ኬንያም፣ ሲሸልስም፣ ታይላንድም ካርዱን ይጠይቃሉ። ሰው ይህን የሚሰማው ቲኬት ከቆረጠ በኋላ ነው፤ «አዲስ አበባ ስናድር እንከተባለን» ይልና በበረራው ዋዜማ ይወጋል። ካርዱ ግን መሥራት የሚጀምረው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው። የተከተባችሁበት ቀን ካርዱ ላይ ተጽፏል፣ ቆጥረው ሊመልሷችሁ ይችላሉ። ያኔ ቲኬቱም፣ ሆቴሉም፣ ዕረፍቱም ይሄዳል፤ የሚከራከሩለት ነገር አይደለም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት፣ ከቲኬትም በፊት፣ ጎንደር ውስጥ ክትባቱና ዓለም አቀፉ ቢጫ ካርድ አሁን ይሰጥ እንደሆነ የከተማውን ጤና መምሪያ ጠይቂ። ከሌለ ለሌላ ጉዳይ አዲስ አበባ የምትወርዱበትን ቀን ጠብቃችሁ ሦስታችሁም ተከተቡ፤ አንድ ጊዜ ከተወጋችሁ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ካርዱ ላይ ያለው ስም እንደ ፓስፖርቱ ይጻፍ፣ ማኅተሙም ይታይ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ ወይም ከመካከላችሁ ለእንቁላል ከባድ አለርጂ ያለበት ካለ፣ ከመወጋታችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩ።

ወባው ደግሞ ለብቻው ነው። ደገኛ ሰው መተማና ሁመራ ሲወርድ ምን እንደሚደርስበት ጎንደር ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ሞምባሳም ቆላ ነው። ለባሕር ዳርቻው የመከላከያ ክኒን ያስፈልጋችኋል። ዶክሲሳይክሊን ርካሽ ነው፣ ግን ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ ፋርማሲስቱ ዕድሜውን ሳይጠይቅ ለሦስታችሁም እንዳይሰጥሽ። ለልጁ አቶቫኮን ፕሮጓኒል የሚባለውን በክብደቱ ልክ ሐኪም ይዘዝለት፤ ከመግባታችሁ 1 ወይም 2 ቀን በፊት ተጀምሮ፣ እዚያ በየቀኑ፣ ከወጣችሁ በኋላም ለ7 ቀን ይወሰዳል። ተመልሳችሁ ትኩሳት ከጀመረው «ብርድ ነው» ሳትሉ የደም ምርመራ አስደርጉ።

ቲኬቱን ከጎንደር ጀምሮ እስከ ሞምባሳ በአንድ ቲኬት ቁረጪ። የአገር ውስጡን ለብቻ፣ የውጭውን ለብቻ የሚገዛ ሰው ትንሽ ብር ያተርፋል፤ ክረምት ላይ አዘዞ በጉም ወይም በዝናብ በረራው ሲዘገይ ግን የውጭው አይጠብቀውም። አንድ ቲኬት ከሆነ አየር መንገዱ በሚቀጥለው በረራ የማስተላለፍ ግዴታ አለበት። ቲኬቱ ላይ ያለውን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር አታንብቢው፦ «በ15ኛው ቀን 00:30» ካለ ከሌሊቱ 6:30 ማለት ነው፣ ቦሌ የምትገኙት በ14ኛው ምሽት ነው። በዚህ ቀን የተሳሳተ ቤተሰብ ሙሉ ቲኬት ያጣል። ጥር 11 አካባቢ ደግሞ ለጥምቀት የሚመጣውና የሚመለሰው እንግዳ የጎንደርን በረራ ስለሚሞላው ጉዞሽን በዚያ ሳምንት አታድርጊ፤ ከጥምቀት በኋላ ያለው ጥርና የካቲት ግን ለዲያኒ ባሕር እጅግ ጥሩው ጊዜ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ነፋስ ይበረታል፣ ይሁንና ሙቀቱ ይለዝባልና ለልጅ ይመቻል። ሚያዝያና ግንቦት የእነሱ ትልቁ ዝናብ ነው፣ እለፉት።

ዶላር። ባንኮች ለተጓዥ የሚሸጡት ፓስፖርት፣ ቲኬትና ቪዛ አይተው ነው። ኬንያ ቪዛ የላትም፤ ይህን የማያውቅ ቅርንጫፍ «ቪዛ አምጪ» ብሎ ይመልስሻል። የሌለ ወረቀት የሚጠይቅ ሰው ጋ ተሰልፎ መዋል ሰውን እንደሚያዋርድ መናገር አለብኝ፤ ደንቡን ማወቅ የእነሱ ሥራ ነው። አንቺ ግን ሁለት ሳምንት ቀድመሽ ሂጂ፣ ሥራ አስኪያጁን ጠይቂ፣ ኬንያ ቪዛ እንደማትጠይቅ የሚያሳይ የታተመ ወረቀት ያዢ። አሮጌ እትም ወይም የተቀደደ ዶላር አትቀበዪ፤ እዚያ አይመነዝሩልሽም።

ናይሮቢን ማየት ካማራችሁ ከዚያ ወደ ሞምባሳ ማዳራካ ኤክስፕረስ የሚባል ባቡር አለ፤ ከሲዮኪማው ተነስቶ 5 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። በኢንተርኔት ሲቆረጥ ክፍያው በአብዛኛው በኤም-ፔሳ ነውና የኬንያ ሲም ቢኖር ይሻላል፤ የኢትዮጵያው ኤም-ፔሳሽ ላይ አትተማመኚ። ቅዳሜና እሑድ ቶሎ ያልቃል። የዱር እንስሳ ለማየት ማሳይ ማራ ካማራችሁ ዋጋውን እወቂ፦ ለአዋቂ የውጭ ጎብኚ ከጃንዋሪ እስከ ጁን በቀን 100 ዶላር፣ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር 200 ዶላር ነው። ክረምት ላይ ለእናንተ አይመከርም። በዚያ ፈንታ ናይሮቢ ከተማው ውስጥ ያለው ብሔራዊ ፓርክና የቀጭኔ ማዕከሉ ለልጅ ይበቃል፤ ፓርኩ በር ላይ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፣ ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። ሞምባሳ ፖርቱጋሎች በ1590ዎቹ የሠሩትን ፎርት ኢየሱስ የተባለ ምሽግ አሳዪው። የፋሲልን ግንብ የሚያውቅ ልጅ ራሱ ማወዳደር ይጀምራል።

ምግብ አያስቸግርም። ጾም ላይ ከሆናችሁ በኮኮናት የተሠራ ባቄላ፣ ሱኩማ ዊኪ የሚሉት ጎመንና ኡጋሊ በየቤቱ አለ። ሽሮና በርበሬ ይዘሽ ከሄድሽ ግን በፌስታል አትቋጥሪው፤ ኬንያ ከ2017 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጀምሮ ፌስታልን በሕግ ከልክላለች፣ ኤርፖርት ላይ ይወስዱታል። በጨርቅ ከረጢት ወይም በክዳን ዕቃ አድርጊው፣ የልጁን ጫማ የጠቀለልሽበትንም ፌስታል ከሻንጣው አውጪ።

የምትሄዱበትን ወርና የያዛችሁትን ብር ከጻፍሽልኝ የዲያኒን ማረፊያና ከሞምባሳ የሚወስደውን መንገድ ለይቼ እጽፍልሻለሁ።