የሜዳ ላይ ሽምደዳ

ከአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ለጻፍክልኝ ወጣት፦

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በዚህ ጸደይ በታሪክ ትምህርት ከኮሌጅ ትመረቃለህ። ጉልበትህ ስለተጎዳ ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ የአሜሪካን ፉትቦል አልተጫወትክም፤ ነገር ግን ላለፉት ሁለት ዓመታት በቀድሞ ትምህርት ቤትህ የኋላ ተከላካዮችን ያለ ክፍያ ስታሠለጥን ቆይተሃል። እናትህ ነርስ እንድትሆን ትፈልጋለች፤ አንተ ደግሞ አሠልጣኝነት እንጀራህ እንዲሆን። ባለፈው መኸር ግን ስፕሬድ የሚባለውን፣ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚዘረጋ አሰላለፍ የሚጫወቱ ቡድኖች ልጆችህን አተራመሷቸው። “ኮሌጅ ገብቶ ያልተጫወተ ሰው ለዚህ ሙያ ይበቃል ወይ?” ስትል ጠየቅከኝ።

ከዚያ ቀጥለህ “በደብተሬ ላይ 14 የመከላከል ስልቶች አሉኝ፤ ልጆቹ ግን ሊይዙልኝ አልቻሉም” አልክ። ደሜን ያፈላው ይህ ዓረፍተ ነገር ነው።

እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ ስምንት ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። እዚህ አገር መጥቼ ሦስት ዓመት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ከሠራሁ በኋላ የመምህርነት ፈቃድ አውጥቼ 19 ዓመት እዚያው ሒሳብ ላይ ቆየሁ። ዓርብ ማታ የትምህርት ቤታችንን ጨዋታ ማማ ላይ ወጥቼ የምቀርጸው እኔ ነበርኩ፤ ይህን ኳስ የማውቀውም ከዚያ ከፍታ ነው። ቀመር የሸመደደ ተማሪ ጥያቄው ጥቂት ሲጣመምበት እንዴት ደርቆ እንደሚቀር አሳምሬ አውቃለሁ። የአንተ ተከላካዮችም የደረቁት በዚሁ ምክንያት ነው።

እስቲ እንቁጠረው። ሜዳው 53 ያርድ ከሲሶ ይሰፋል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጨዋታ ኳሱ ሜዳውን ለሦስት ከሚከፍሉት ሁለት የውስጥ መስመሮች በአንዱ ላይ ሲቀመጥ በሰፊው ወገን ብቻ ከ35 ያርድ በላይ መሬት አለ። ባላጋራህ አራት ተቀባዮችን (ኳስ እንዲወረወርላቸው የሚሮጡትን) ዘርግቶ አራቱንም ቀጥ አድርጎ ያስሮጣል። የአንተ ሦስት ሰዎች እያንዳንዳቸው የሜዳውን ሲሶ ይዘው ይጠብቃሉ። አንድ ሯጭ ይተርፋል። በዚህ ልጆቹን አትቆጣ፤ ስሌቱ ራሱ ነው ያልሞላው። ስመ ጥሮቹ አሠልጣኞች ኒክ ሴባንና ቢል ቤሊቺክ ከ1991 እስከ 1994 በክሊቭላንድ ብራውንስ ቡድን አብረው ሲሠሩ የታገሉት ከዚሁ ችግር ጋር ነበር። ያገኙት መላ ተከላካዩ ዞኑን፣ ማለትም የተመደበለትን የሜዳ ክፍል፣ ይዞ እንዲጀምር፣ የተቀባዮቹ አሯሯጥ ሲለይለት ግን አንዱን ተቀባይ ተከትሎ እንዲይዝ ማድረግ ነው።

እንግዲህ ለሴፍቲህ፣ ከሁሉም ኋላ ለሚቆመው ተከላካይ፣ አንድ ጥያቄ ስጠው፦ ከዳር ወደ ውስጥ ሲቆጠር ሁለተኛው ተቀባይ ወዴት ሄደ? ከአሥር ያርድ አልፎ ቀጥ ካለ የእርሱ ነው። ቀድሞ ወደ ዳር ከታጠፈ ከፊት ላለው ተከላካይ ትቶለት አንደኛውን ተቀባይ ለመርዳት ይዞራል። ሦስት ተቀባዮች በአንድ ወገን ተሰልፈው ሦስተኛው መሐሉን ሰንጥቆ ሲወጣስ? (አራት ጊዜ ግብ ያስቆጠሩባችሁ በዚህ ነው ብለሃል።) ከወዲያኛው ወገን ያለው ሴፍቲ ተሻግሮ ይይዘዋል። ይህ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ በወዲያኛው ጠርዝ የዳር ተከላካዩ፣ ኮርነርባኩ፣ ብቻውን ይቀራል። እዚያ የቆመው የባላጋራህ ምርጥ ተቀባይ ከሆነ ሌላ መላ ፈልግ። የ16 ዓመቱ ልጅ ይህን ዋጋ በራሱ አንደበት ካስረዳህ ገብቶታል ማለት ነው። ነሐሴ ላይ ልምምድ ሲጀመር ከ14ቱ ስልቶችህ 12ቱን ቤት ትተህ ሂድ። አንተ የተቀባዮቹን አሯሯጥ ሰሌዳ ላይ ሣል፤ መልሱን እነርሱ ይሣሉ። ይህ አሰልቺ መስሎ ከታየህ ሙያው የአንተ አይደለም፤ ከታገሥከው ግን የአንተ ነው።

ኮሌጅ አለመጫወትህን ተወው። በስፕሬድ ማጥቃት ስማቸው ከገነነ አሠልጣኞች አንዱ፣ ሟቹ ማይክ ሊች፣ ሕግ የተማረ ሰው ነበር፤ ኮሌጅ ውስጥ ይህን ኳስ አልተጫወተም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ቤሊቺክ በ1975 ባልቲሞር ኮልትስ በሚባለው ቡድን ሲቀጠር በሳምንት 25 ዶላር ነበር የሚከፈለው። ይህን ታሪክ ለእናትህ እንዳትነግራት! የቤሊቺክ አባት አናፖሊስ በሚገኘው የባሕር ኃይል አካዳሚ አሠልጣኝ ነበር፤ ልጁም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከአባቱ ጋር የጨዋታ ፊልም እያየ ነው ያደገው። አንተ ያለችህ ሁለት ሥራ የምትሠራ እናት ናት። በእርሷ ቤት እየኖርክ፣ በእርሷ ላብ እየበላህ “ሕልሜን አልተረዳችልኝም” ብለህ መጻፍህ ነውር ነው። እርሷም ብትሆን ተሳስታለች። ነርስ ሁን ያለችህ ነርስነትን ወዳ አይመስለኝም፤ የወር ደመወዙንና የጤና መድኑን ወዳ ነው። ሳይወድ ነርስ የሆነ ልጅ ለበሽተኛውም አይበጅም። ደመወዙም መድኑም በመምህርነት ይገኛሉ፤ የታሪክ መምህር ሆነህ ቀን ክፍል ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ ትውላለህ። እዚህ አገር በርካታ የሁለተኛ ደረጃ አሠልጣኞች የሚኖሩት እንዲህ ነው። የፈቃዱን ማመልከቻ ሳትመረቅ ጀምር፤ እናትህንም ቅጹን ይዘህ አነጋግራት።

በሌላ ክፍለ ግዛት ያገኘኸው የድኅረ ምረቃ ረዳት አሠልጣኝነት የትምህርት ክፍያህን ይሸፍንልሃል፤ የቤት ኪራይህን ግን አይችልልህም። ጥቂት ዓመታት አስተምረህ፣ ጥቂት ብር ይዘህ ብትሄድ ይሻላል።

አሜሪካውያን ስሜን መጥራት ስለሚቸግራቸው ልለውጠው ወይ ላልከኝ፣ አትልፋ። ልጆቹ የሚጠሩህ “ኮች” ብለው ነው።