ፖይንት ጫማው ይቆይ፤ ወለሉን ያስቀድሙ

እህቴ፣ የ11 ዓመት ልጅዎ በስልክ ባሌት እያየች «ፕሪንሲፓል ዳንሰኛ (በአንድ የባሌት ቡድን ከፍተኛውን ማዕረግ የያዘች) እሆናለሁ» እንዳለችዎ፣ ኮዬ ፈጬ እንደሚኖሩና ከውጭ የሚመጣው ዘመድዎ ፖይንት ጫማ (በእግር ጣት ጫፍ ቆመው የሚደንሱበትን) ያምጣላት ወይስ ይቅር ብለው መጠየቅዎን አነበብኩ። እኔ የምኖረው ከእርስዎ ብዙም በማይርቀው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ልጄም በዚሁ መንገድ ስላለፈች መልሴ ይረዝማልና ይታገሡኝ።

አንደኛ፣ ጫማው ይቆይ። የፖይንት ጫማ ጫፍ በሙጫ የደረቀ የጨርቅና የወረቀት ድርብርብ ነው፤ የልጅቷ ክብደት በሙሉ አጥንታቸው ገና እያደገ ባሉ ጣቶች ላይ ያርፋል። ጥሩ መምህራን ልጅ 11 ወይም 12 ዓመት ገደማ እስኪሆናትና ጥቂት ዓመታት መሠረቱን እስክትማር ይጠብቃሉ፤ ዕድሜው ቢደርስም ቁርጭምጭሚቷና ወገቧ ካልጠነከረ አይፈቅዱላትም። ዘመድዎ ለስላሳውን የቆዳ ወይም የሸራ ጫማ ያምጣላት።

ሁለተኛው ወለል ነው። እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ እኛን ያቃጠለን ይኸው ነውና። ልጄ የጀመረችው መሐል ከተማ በሚገኝ አንድ ማሠልጠኛ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ልጆቹ የሚዘሉት በሲሚንቶ ላይ በተነጠፈ ሴራሚክ ላይ ነው። ለዓመቱ መጨረሻ ትርኢት ተብሎ ገና መሠረቱን ያልጨረሱት ሁሉ ፖይንት ጫማ እንዲገዙ ታዘዘ፤ ሻጩም ራሱ ቢሮው ነበር። ለልጄ የሰጧት ሁለት ጣት ያህል ይተርፋታል፤ ጫፉን በጥጥ ጠቅጥቀው «ታድግበታለች» አሉኝ። ይህ ጫማ እንደ ተማሪ ጫማ አይታደግበትም፤ እግር ውስጡ ከተንሸራተተ ክብደቱ ሁሉ የአውራ ጣትን ጥፍር ይደቁሰዋል። አልቀበልም ብዬ ስመልስ፣ ኃላፊዋ ከወንበሯ ሳትነሣ «ከከተማ ዳር መጥታችሁ ማስተማራችን አነሰና ስለ ወለልና ስለ ጫማ ልትነግሩን ነው?» አለችኝ። የቀሪውን ጊዜ ክፍያ እንድትመልስልኝ ብጠይቅም ፊቷን አዙራ ስልኳን መነካካት ጀመረች። ያ ንግግር እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

ያኔ ልጄን ቅልጥሟ ያማት ጀምሮ ነበር። የመጀመሪያው ራጅ ምንም አላሳየም፤ እሷ ግን ሌሊት እየተነሣች ታለቅስ ነበር። ቆይቶ በተነሣው ላይ ቀጭን ስንጥቅ ታየ። ሐኪሙ እንዲህ ያለው ስንጥቅ በአንድ ውድቀት ሳይሆን በተደጋጋሚ ምት እንደሚመጣ፣ መጀመሪያ ላይም ብዙ ጊዜ በራጅ እንደማይታይ አስረዳን። ስለዚህ ልጅዎ ቅልጥሜን ብትልዎ «እድገት ነው» ብለው አይለፉት። ታዋቂዋ አሜሪካዊት የባሌት ዳንሰኛ ሚስቲ ኮፕላንድ እንኳ በ2012 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የጻፍኩት) በቅልጥሟ አጥንት ላይ በወጡ ስንጥቆች ሳቢያ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ለወራት ከመድረክ ርቃለች።

ከዚያ ወዲያ ልጄን አስወጥቼ ወለሉን ቤታችን ሠራነው። ባለቤቴ አናጺ ነው፤ የሳሎናችንን ግማሽ ለቀቅንለት። ከሥር የአሮጌ ጎማ ቁራጭ፣ በላዩ ሞራሌ እያጠላለፈ ደረደረ፣ ከዚያ ጣውላ፣ ከሁሉ በላይ የማያንሸራትት የላስቲክ ምንጣፍ አለበሰው። ሲረግጡት በትንሹ ዝቅ ይላል፤ ምቱን አጥንት ሳይሆን እንጨቱ ይቀበለዋል። እኛ ምድር ቤት ነን፤ እርስዎ ፎቅ ላይ ከሆኑ ከታች ያሉትን ጎረቤቶች አስቀድመው ያነጋግሩ። በኋላ ያገኘናት መምህርት ልጄን ለረጅም ጊዜ ባር (ዳንሰኞች የሚደገፉበትን አግዳሚ ዘንግ) ይዛ ብቻ አሠራቻት፤ በባሌት እግር ወደ ውጭ የሚዞረው ከዳሌ እንጂ ከጉልበት እንዳልሆነ እስኪገባት ድረስ ዝላይ ከለከለቻት። ዘመድ «እናንተ ቤት መቼም ጉድ አያልቅም» ሲለን የነበረችው ልጅ፣ ዘንድሮ የላከችው ቪዲዮ ተቀባይነት አግኝቶ ውጭ አገር ለሚሰጥ የክረምት ሥልጠና ተጠርታለች። ማሠልጠኛው ውስጥ ማንም ይህ ይሆናል ብሎ አልጠበቀም።

«11 ዓመት ረፍዷል» የሚሉዎትን በሙሉ ልብ አይስሙ። ሚስቲ የጀመረችው በ13 ዓመቷ ነው፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ፖይንት ጫማ ማጥለቋ እውነት ቢሆንም የእርሷን ፍጥነት መለኪያ አያድርጉት። ይልቁንስ ከዚያ በኋላ ያለውን ይመልከቱ፦ አሜሪካን ባሌት ቲያትር የተባለውን የኒው ዮርክ ቡድን በ2001 ተቀላቅላ፣ በ2007 ሶሎይስት (ለብቻ የሚደነሱ ክፍሎች የሚሰጧት) ሆና፣ ፕሪንሲፓል የተባለችው በ2015 ነው፤ በዚያ ቡድን ለዚህ ማዕረግ የበቃች የመጀመሪያዋ አፍሪካ አሜሪካዊት ሴትም እርሷ ናት። የለንደኑ ሮያል ባሌትም አርቲስት፣ ፈርስት አርቲስት፣ ሶሎይስት፣ ፈርስት ሶሎይስት እያለ ነው ወደ ፕሪንሲፓል የሚያወጣው። በፓሪስ ኦፔራ ደግሞ ከፍተኛውን ማዕረግ የያዘ ዳንሰኛ በ42 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል። በዚህ አጭር ሙያ ውስጥ በልጅነት የተሰነጠቀ አጥንት የሚወስደው ጊዜ ብዙ ነው፤ በትርኢት ጥድፊያ ልጅ የሚያቆስሉትን ይቅር ማለት ያቃተኝም ለዚህ ነው።

ስዊዘርላንድ የሚካሄደው የወጣት ባሌት ዳንሰኞች ውድድር፣ ፕሪ ደ ሎዛን፣ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትን ስለሚቀበል ልጅዎ ጊዜ አላት። ከእኛው አፍሪካም ከናይሮቢ ድሃ ሰፈር የወጣው ዳንሰኛ ጆኤል ኪዮኮ ለንደን በሚገኘው የእንግሊዝ ብሔራዊ ባሌት ትምህርት ቤት ተምሯል።

የወለሉን ልክና የሞራሌውን አደራደር በፎቶ እልክልዎታለሁ፤ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ልጅዎን ይዘው ቢመጡም ባለቤቴ እያሳየ ያስረዳዎታል።