ባሕር ለምትወጡ ወጣቶች፦ ከአፑ በፊት ካርታውን እዩ

ሰላም ልጆች።

“ለሸራ ጀልባ የትኛው የካርታ አፕ ይሻላል?” ትሉኛላችሁ። እመልሳለሁ። ግን አንድ ነገር ላስቀድም። አፑ ውስጥ ያለውን ካርታ ማን ሠራው? ጥልቀቱስ የተለካው መቼ ነው?

ፕሮግራሙና ካርታው ለየቅል ናቸው። ፕሮግራሙ ማሳያ ነው። ካርታው ደግሞ ሰዎች ባሕር ላይ ወጥተው የለኩት ነው። ፕሮግራም ለመምረጥ ሳምንቱን ሙሉ ቪዲዮ ሲያይ የሚከርም ልጅ አውቃለሁ፤ የካርታውን ዕድሜ ግን አንዴም ዞር ብሎ አላየም። ስክሪኑ ሲያምር ሁሉም ነገር እኩል እውነት ይመስላል።

ስክሪን ላይ የሚታይ ካርታ ሁለት ዓይነት ነው፦ ራስተርና ቬክተር። ራስተር የሚባለው የወረቀት ካርታ ፎቶ ነው። ስታጎሉት ቁጥሮቹም አብረው ይገዝፋሉ። ቬክተሩ ግን የመረጃ ስብስብ ነው፤ ሥዕሉን የሚሠራው ፕሮግራሙ ነው። ስታርቁት ስክሪኑ እንዳይጨናነቅ ብሎ ዝርዝሩን ይደብቃል። መዘዙ እዚህ ጋ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 2014 ቬስታስ ዊንድ የተባለችው የቮልቮ ውቅያኖስ ውድድር ጀልባ ከሞሪሸስ በስተሰሜን ምሥራቅ ባለው የካርጋዶስ ካራጆስ ሪፍ (ጥልቀት በሌለው የኮራል ድንጋይ) ላይ በ19 ኖት ገደማ (በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ያህል) ወጣች። ጨለማ ነበር። 9ኙም ተሳፋሪዎች ተረፉ፤ ጀልባዋ ግን ተሰባበረች። ሪፉ ካርታው ውስጥ ነበር። መንገዱን ባዩበት ዙም ላይ ግን አልታየም። እነዚህ ደግሞ ጀማሪዎች አልነበሩም።

ስለዚህ መንገድ ካሰመራችሁ በኋላ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አጉልታችሁ ተከተሉት። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። ፕሮግራሙ ራሱ መንገድ ቢያወጣላችሁም ይሄን ሥራ አትተዉት።

በጣም ማጉላትም የራሱ ችግር አለው። በ1፡80,000 መጠን (ካርታው ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ባሕር ላይ 800 ሜትር ማለት ነው) የተሠራን ካርታ የፈለጋችሁትን ያህል ብታጎሉት አዲስ ልኬት አይጨመርበትም። ደህና ፕሮግራም ከልኩ በላይ መጎላቱን በማስጠንቀቂያ ይነግራችኋል። ይፋ በሆኑት ቬክተር ካርታዎች ላይ ዞክ የሚባል የጥራት ደረጃም አለ። ኤ1 ከሆነ የቦታው ስህተት 5 ሜትር ያህል ነው። ሲ ከሆነ 500 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ጂፒኤሳችሁ በጥቂት ሜትር ልክ ያለበትን ቢናገር፣ ድንጋዩ ግማሽ ኪሎ ሜትር ፈንጠር ብሎ ከተሳለ ምን ይረባል? የድሮ ቀያሾች ገመድ ጫፍ ላይ የእርሳስ ብረት አስረው እየጣሉ ነበር የሚለኩት። እርሳሱ ያልነካውን አያውቁትም።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። እኔ ብሆን ላፕቶፕ ላይ ኦፕንሲፒኤን የሚባለውን የባሕር ካርታ ፕሮግራም እጭናለሁ። ነጻ ነው፤ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት ኖኣ የአገሩን ውሃ ቬክተር ካርታዎች በነጻ ያወጣል፣ በየሳምንቱም ያድሳል። ብዙ ቦታ ግን ካርታ በገንዘብ ነው። ታብሌቱ ላይ ደግሞ የሌላ ድርጅት አፕ ከሌላ ካርታ ጋር አደርጋለሁ። ያንኑ ካርታ ሁለት መሣሪያ ላይ መጫን አንዱን ስህተት ሁለት ጊዜ ማየት ነው። ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት የደንበኝነቱ ጊዜ ሲያልቅ ካርታው ምን እንደሚሆን ጠይቁ።

ማዘመኑ ላይ ጠንከር እላለሁ። ካርታውን ቶሎ ቶሎ አዘምኑ። ፕሮግራሙንና የኮምፒውተሩን ሲስተም ግን ወደብ ላይ፣ ጊዜ ሲኖራችሁ ብቻ። በመነሻ ዋዜማ አፕዴት የሚያደርግ ሰው አይገባኝም። ሲስተሙ በራሱ እንዳይታደስ ዝጉት፤ የድሮውን መጫኛ ፋይልም አትሰርዙ። ከአፕዴት በኋላ ቅንብሮቹን አንድ በአንድ እዩ። ጥልቀቱ በሜትር ነው ወይስ በጫማ (ፉት)? የአደጋ ጥልቀቱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚያስጠነቅቅበት ጥልቀት፣ ከጀልባችሁ ጋር ይሄዳል? ከውሃ በታች 2 ሜትር የምትገባ ጀልባ ይዛችሁ ማስጠንቀቂያው 1 ሜትር ላይ ከተቀመጠ ዋጋ የለውም። ከዚያ ኢንተርኔቱን አጥፉና ካርታው መከፈቱን አረጋግጡ።

የጂፒኤስ መቀበያውንም አትርሱ። የጂፒኤስ የሳምንት ቆጠራ በየ1,024 ሳምንቱ ወደ ዜሮ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 2019 ሲመለስ፣ ሶፍትዌራቸው ያልታደሰ አንዳንድ አሮጌ መሣሪያዎች ቀኑን አሳሳቱ። ቀን ከተሳሳተ ውሃው የሚሞላበትና የሚጎድልበት ሰዓትም አብሮ ይሳሳታል።

የጥልቀት መለኪያችሁ ከካርታው ጋር ካልተስማማ ቦታውን፣ ሰዓቱንና የለካችሁትን ጥልቀት ጻፉ። ያንን የባሕር ካርታ ለሚያወጣው መሥሪያ ቤት ላኩለት። እንዲህ ያለ ጥቆማ ይቀበላሉ።