ለድሬዳዋ ወጣት ድምፃውያን፤ ስለ አስቴር አወቀ ቅጂዎች

ውድ ልጆቼ፣

ከዚራ ሰፈር ውስጥ በነበረች አንዲት ካሴት ቤት ከሃያ ዓመት በላይ ካሴት ስቀዳና ቴፕ ስጠግን ኖሬያለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም የቀሩኝን ማሽኖች ቤቴ ስላስቀመጥኳቸው፣ የቀረጻችሁትን ዘፈን በስልካችሁ ይዛችሁ «ጋሼ፣ እስቲ ይስሙልኝ» እያላችሁ ትመጣላችሁ። መምጣታችሁ ደስ ይለኛል። አብዛኞቻችሁ ግን አስቀድማችሁ የምትጠይቁኝ ዘፈኑ መቼ ቢለቀቅ እንደሚሻል ነው። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት አንድ ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ፤ የአስቴር አወቀን ሥራዎች ከካሴቶቿ ጀምራችሁ በወጡበት ቅደም ተከተል አድምጡ። ምክንያቱን ቆሜ ለመናገር ስለሚረዝምብኝ በጽሑፍ አድርጌዋለሁ።

አስቴር ጎንደር ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች ናት። ገና በአፍላነት ዕድሜዋ በሀገር ፍቅር ቴአትር ዘፍናለች፤ ከኮንቲኔንታል፣ ከሸበሌና ከአይቤክስ ባንዶች ጋርም ሠርታለች። የሙዚቃ አሳታሚው አሊ ታንጎ አምስት ካሴቶችና ሁለት ሸክላዎች አሳትሞላታል። በእነዚያ ካሴቶች ላይ የምትሰሙት ድምፅ የልጅ ድምፅ ቢሆንም የጀማሪ ድምፅ አይደለም፤ ከባንድ ጋር ቆሞ የኖረ ድምፅ ነው። ድራሙ ሲገፋ አትሮጥም፤ ሳክስፎኑ መልስ ሲሰጥ ቦታ ትለቅለታለች። ይህ ከሰው ጋር በመዝፈን ብቻ የሚገኝ ነው። የከተማችን ልጅ አሊ ቢራም እዚሁ ድሬ ከአፍረን ቀሎ ቡድን ጋር ነው ያደገው። ብቻችሁን ክፍል ዘግታችሁ በተዘጋጀ ምት ላይ ስትቀርጹ፣ ስትሳሳቱ የሚገፋችሁም ሆነ የሚጠብቃችሁ ሰው የለም፤ ስለዚህ ቢያንስ አንድ ጊታር የሚመታ ጓደኛ ፈልጉ፣ ሠርግም ቢሆን ዝፈኑ።

በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደች። (ዓመቶቹን በአልበሞቿ ላይ እንደምታገኟቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ስሟን ለዓለም ያስተዋወቀውና «አስቴር» የተባለው አልበም ደግሞ ትሪፕል ኧርዝ በተባለ የለንደን አሳታሚ የወጣው በ1989 ነው። በመካከሉ ያሉትን ስምንት ዓመታት ሰው ዘልሏቸው ያልፋል፤ እኔ ግን ከሁሉም የምወዳቸው እነርሱን ነው። በዋሽንግተን በሐበሻ ምግብ ቤቶች ውስጥ ለስደተኛ ወገኖቿ ትዘፍን ነበር። እራት ለሚበላ ሰው የዘፈነ ሰው ያውቀዋል፤ የአድማጩ እጅ መሶብ ላይ፣ ጆሮው ከጎኑ ከተቀመጠው ወዳጁ ጋር ነው፤ በጩኸት ልታሸንፉት ብትሞክሩ እርሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ ማውራቱን ይቀጥላል። እንደ እኔ ግምት አስቴር ድምፅን ዝቅ አድርጎ ቤቱን ጸጥ የማሰኘትን ጥበብ ያዳበረችው እዚያ ነው፤ ምክንያቱም ካሴቶቹንና የ1989ኙን አልበም አከታትላችሁ ብትሰሙ በመካከላቸው የምታገኙት ትልቁ ልዩነት ይኸው ነው። ቃሉን ጨርሳ ትንፋሿን አትቆርጠውም፤ ድምፁ እየሳሳ ሄዶ ሹክሹክታ ይሆናል፤ ከዚያ ሲቃ የመሰለ ነገር ይመጣና ዜማው እንደገና ይነሳል። በትዝታ ቅኝት ስትዘፍን ይህ ጎልቶ ይሰማል፤ የቅኝቱ ድምፆች አምስት ብቻ በመሆናቸው ዘፋኙ ውበቱን የሚያመጣው ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው በሚሄድበት መንገድ ነውና። አልበሙን ኮሎምቢያ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ አሜሪካ ውስጥ አሰራጨው፤ በ1991 «ካቡ»፣ በ1993 ደግሞ «እቦ» ተከተሉ።

አሁን ስለራሴ ጥፋት ልናገር። በእኛ ካሴት ቤት አንድ ኦሪጅናል ካሴት ይገዛና ከእርሱ ብዙ ይቀዳ ነበር፤ ኦሪጅናሉ ሲደክም ከቅጂው ቅጂ እናወጣ ነበር። ሥራ ሲበዛ በፈጣን መቅጃ እቀዳ ነበር። ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚሄድ ቀጭን ቴፕ በመሆኑ ቅጂ ከቅጂ ሲወጣ «ሽሽ» የሚለው የቴፑ ጫጫታ ይጨምራል፤ አስቀድመው የሚጠፉትም ቀጫጭኖቹ ድምፆች፣ ማለት የትንፋሹና የሹክሹክታው ድምፅ ናቸው። የአስቴር ዋና ሀብት የነበረውን ነገር በገዛ እጄ እየሰረዝኩ ለድሬ ሕዝብ ሸጥኩ። ለእርሷም አንድ ሳንቲም አልደረሳትም። ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን የሽፋኑን ወረቀት መጣሌ ነው፤ በነጭ ልጣፊ ላይ «አስቴር፣ ቁጥር ሁለት» ብዬ ጽፌ እሸጥ ነበር። ዛሬ ከእናንተ አንዱ «ይህን ሳክስፎን የነፋው ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰው የለኝም።

ለዚህ ነው ስም ጻፉ እያልኩ የማሰለቻችሁ። ግጥሙ፣ ዜማው፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ፣ መሣሪያዎቹን እነማን እንደተጫወቱ፣ የትና በየትኛው ቀን እንደተቀረጸ በፋይሉ ላይም በደብተርም ይስፈር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) የደራሲውንም የከዋኙንም መብት ይጠብቃል፤ ነገር ግን ያልተጻፈን ስም ማስረጃ አድርጎ መከራከር እጅግ ከባድ ነው። የፋይሉ መጠን እንዲያንስ ያልተጨመቀውን ዋና ቅጂ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። በስልክ የምትላላኩት ፋይል ያው የእኔ ፈጣን መቅጃ ነው፤ ትንፋሹን ይበላዋል።

ከዚያ በኋላ «ሀገሬ» በ1999፣ «ፍቅር» በ2006፣ «ጨጨሆ» በ2010 ወጥተዋል። በእነዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ እስከዚያ ካደመጣችሁ ጆሮአችሁ ራሱ ይነግራችኋል። አንድ ነገር ብቻ አስተውሉ፤ በአልበምና በአልበም መካከል ዓመታት አሉ፤ አድማጯ ግን ጠብቋታል።

ባለፈው ወር ከገንደ ቆሬ አንዲት ልጅ ዘፈኗን ይዛ መጥታ ነበር። ሁለታችንም ዝም ብለን ሦስት ጊዜ ሰማነው፤ በሁለተኛው አዝማች ላይ ትንፋሿን በኮምፒዩተር ቆርጣ አውጥታው ስለነበር እንድትመልሰው ለመንኳት፤ መለሰችው። ከዚያ ደብተር አውጥተን ስሞቹን መጻፍ ጀመርን። ከበሮ የመታላትን ልጅ በቅጽል ስሙ እንጂ በአባቱ ስም አታውቀውም ነበርና ደወለችለት። ስሙን ፊደል በፊደል እየነገራት ጻፈችው፤ ለምን እንደፈለገችው ሲጠይቃትም ስልኩን ወደ ማጫወቻው አስጠግታ ዘፈኑን አሰማችው።