መልስ፦ ያረጀ የፋይበርግላስ ጀልባን ዳግም መቀባት

«ላዩ ደብዝዟል፣ ሲነኩት እንደ ጠመኔ እጅ ላይ ይቀራል፤ አጥቤ በቀጥታ ብቀባው ይይዛል?» ላልከው፣ አይይዝም ወንድሜ። ለጊዜው ያምራል፣ ከዚያ እየተላጠ ይነሳል።

ዋናው ነገር ላዩ ላይ የቀረው የማሳመሪያ (ፖሊሽ) ሰም ነው፤ ቀለሙ እንዳይይዝ የሚያደርገው እሱ ነው። በሳሙና ካጠብከው በኋላ በአሴቶን (ሰም በሚያሟሟ ፈሳሽ) በራሰ ጨርቅ ጥረገው፣ ሳይደርቅ ደግሞ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ አንሳው፣ ጨርቁንም ቶሎ ቶሎ ቀይር፤ አለዚያ ሰሙን ከቦታ ቦታ ማዞር ነው የሚሆነው። ይሄን ሳትጨርስ የብርጭቆ ወረቀት እንዳታነሳ! ሰሙ ጭረቱ ውስጥ ይገባና መከራህን ታያለህ። መልቀቁን ለማወቅ ውሃ አፍስስበት። ወጥ ሆኖ ከተዘረጋ ጨርሰሃል፣ እየተንጠባጠበ ከተሰበሰበ ገና ነህ።

ቀሪው ቀላል ነው። በ80 ቁጥር ወረቀት ፈትገው፣ ስንጥቁን በኢፖክሲ ስቱኮ (ከማጠንከሪያ ጋር ተደባልቆ በሚደርቅ መሙያ) ድፈን፣ ኢፖክሲ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መሠረት) ቀባ፣ በ220 ከዚያም በ320 አለስልሰው። ለላይኛው ቀለም ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቀውን ፖሊዩሪቴን የሚባል ቀለም እመርጣለሁ፣ ዕድሜው ረጅም ነው። ስስ እያደረግክ ደጋግመህ በሮለር ቀባ። በስፕሬይ ግን አትሞክረው፤ ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል ሳንባ ይጎዳል፣ ተራ ማስክም አያድንህም።

ጀልባው ውሃ ላይ የሚከርም ከሆነ ደግሞ ውሃ ውስጥ የሚሰምጠውን ክፍል በዚህ ፖሊዩሪቴን ቀለም አትቀባው፣ እንደ ፊኛ ያብጣል። እዚያ ላይ አልጌ የሚከላከለው የጀልባ ሆድ ቀለም ነው የሚገባው።