ሃንክ ልቃቂት ነው ወይስ ቱባ?

ጥያቄ፦ በ19ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ አገር ላንክሻየር ስለነበሩ የጥጥ መፍተያ ፋብሪካዎች የሚተርክ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ነው። «ሃንክ» የሚል ቃል በየገጹ ይመጣል፤ ሠራተኛዋ በሳምንት ይህን ያህል ሃንክ አወጣች፣ በሃንክ ይህን ያህል ተከፈላት ይላል። እኔ «ልቃቂት» ብዬዋለሁ። አንድ ወዳጄ «ድውር» በለው አለኝ፤ አርታኢዬ ደግሞ «ቱባ» ይሻላል አሉ። የማን ልክ ነው?

መልስ፦ በልጅነቴ እናቴ ስትፈትል አጠገቧ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። ባዘቶውን በግራ እጇ ይዛ እንዝርቱን ጭኗ ላይ ታሾረዋለች፤ ክሩ ሲረዝም እንዝርቱ ላይ ትጠቀልለዋለች፤ ሲሞላ ሸርተት አድርጋ ታወጣውና ሙዳይ ውስጥ ትጥለዋለች። ልቃቂት ያ ነው። አንዱ ወፈር ይላል፣ ሌላው ያንሳል፤ ርዝመቱን የለካው ሰው አላየሁም። ጎረቤት «ስንት ልቃቂት ፈተልሽ?» ሲላት የምትመልሰው ትጋቷን ይናገራል፤ ስለ ክሩ ርዝመት ምንም አይነግረንም።

ድውር ደግሞ «ደወረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ሸማኔው ማጉን በቀሰም ላይ አዙሮ መወርወሪያው ውስጥ የሚያስገባው ክር ነውና ከፈታይዋ እጅ ወጥቶ ወደ ሽመናው የተሻገረ ቃል ነው። ወዳጅዎ ሸማኔ ቤት ሳያድጉ አልቀሩም።

ሃንክ ግን መለኪያ ነው። በጥጥ ፋብሪካ አንድ ሃንክ 840 ያርድ ነበር፤ በሜትር 768 ያህል። አለካኩም ይህ ነው፦ ዙሪያው አንድ ያርድ ተኩል በሆነ መጠምጠሚያ ላይ ክሩን 80 ጊዜ ያዞሩታል፤ 120 ያርድ ይወጣዋል። ይህን «ሊ» ይሉታል። ሰባት ሊ ሲሞላ አንድ ሃንክ ሆነ ማለት ነው። ተበጥሮ ለተፈተለ የሱፍ ክር ግን ሃንኩ 560 ያርድ ስለነበር፣ ታሪኩ ከጥጥ ፋብሪካ ወደ ሱፍ ፋብሪካ ከተሻገረ ስሌቱም አብሮ ይቀየራል።

ፋብሪካዎቹ በመፍተያ መኪናው ላይ የሃንክ ቆጣሪ ይገጥሙ ነበር፤ በሃንክ የሚከፈለው ሠራተኛ ሒሳቡ የሚሠራለት ከዚያ ላይ ተነቦ ነው። አንድ መኪና ደግሞ ብዙ እንዝርት አለው፤ ቆጣሪው የሚያሳየው በእያንዳንዱ እንዝርት የወጣውን ርዝመት ነው። ስለዚህ ጽሑፉ «30 ሃንክ» ሲል በእንዝርት ማለቱ ይሁን በጠቅላላው፣ ሳያረጋግጡ አይለፉት። «30 ልቃቂት ፈተለች» ብለው ቢጽፉማ አንባቢው የሚያየው እናቴን ነው፤ ፋብሪካው ከዓይኑ ይጠፋል።

አርታኢዎ ለእውነቱ ቀርበዋል። ከመጠምጠሚያ ወርዶ፣ ታጥፎ የታሰረ ክር በገበያችን ቱባ ነው፤ የሃንክም መልክ ይኸው ነው። የጎደለው ልኩ ብቻ ነው፤ ቱባ ስንል ትልቁንም ትንሹንም ነውና። (ዛሬ ቃሉ ከክር ይልቅ «ቱባ ባህል»፣ «ቱባ ባለሥልጣን» በሚሉት ውስጥ ነው በብዛት የሚሰማው። «ቱባ ባህል» የሚለው ገና ካልተፈታ፣ እጅ ካልነካው ክር የመጣ ይመስለኛል፤ ባለሥልጣኑ ከየት እንደመጣ ግን እሱን ራሱን መጠየቅ ነው።)

የእኔ ምክር፣ ርዝመት በሚቆጠርበት ቦታ ሁሉ «ሃንክ»ን እንዳለ ይተዉት። ሜትርንና ደርዘንን ማን ተረጎማቸው? ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ ብቻ ልኩን ይንገሩ። ክሩ ዕቃ ሆኖ ሲመጣ፣ ማለትም ሰው ሲሸከመው፣ ማቅለሚያ ሲነከር፣ በገመድ ሲንጠለጠል፣ «ቱባ» ይበሉት።

አንድ ወጥመድም አለ። በዚያ ጽሑፍ «40 ቁጥር ክር» የሚል ማግኘትዎ አይቀርም። ቁጥሩ ከአንድ ፓውንድ፣ ማለትም ከ454 ግራም ገደማ ክር፣ ስንት ሃንክ እንደሚወጣ ነው የሚናገረው። እንግዲህ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ክሩ ይቀጥናል፤ 80 ቁጥር ከ40 ቁጥር በእጥፍ የቀለለ ነው። «ከፍተኛ ቁጥር» የሚለውን «ወፍራም» ብሎ የተረጎመ ሰው አጋጥሞኛል፤ ስስ የሙሽራ ልብስ በጆንያ ክር አሰፋው። በኋላ የመጣው ቴክስ የተባለው መለኪያ ደግሞ የ1,000 ሜትር ክር ክብደት በግራም ስለሆነ ተገላቢጦሽ ነው፤ በእሱ ቁጥሩ ሲያድግ ክሩ ይወፍራል።

ዓረፍተ ነገርዎን እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «በዚያ ሳምንት ቆጣሪው በእንዝርት 30 ሃንክ አሳየ፤ እያንዳንዱ ሃንክ 840 ያርድ ነው። ሒሳቧን ተቀብላ ስትወጣ፣ ቱባዎቹ በጋሪ ተጭነው ወደ ማቅለሚያው ቤት ይሄዱ ነበር።»